ለፋሲካ 25 እንግዳ፤ ቁሌቱን በጾሙ ጨርሺው

ጥያቄው ይህ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦ «እትዬ፣ ዘንድሮ የፋሲካን ምሳ እኔ ቤት ላደርግ ነው። 25 ሰው ይመጣል። የምኖረው ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያለኝ ባለ ሁለት እሳት የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ ምጣድ ነው። እስከ ሐሙስ ሥራ እገባለሁ። ዶሮ ወጡን ከስንት ቀን በፊት ሠርቼ ላስቀምጥ? ጾመኛ ስለሆንኩ አልቀምስም፣ ጨውና ቅመሙን በምን ልወቅ? ከእንግዶቹ ሁለቱ ሙስሊም የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፣ ለእነሱስ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽ። ዶሮ ወጡን ቀድመሽ አትሥሪው። ቁሌቱን ግን ቀድመሽ ሥሪው፤ ያውም በጾሙ፣ በዘይት፣ እየቀመስሽ። ዶሮው፣ ቅቤውና እንቁላሉ ቅዳሜ ይግቡ። በሆቴል ኩሽናም በሰው ግቢ ድንኳን ውስጥም ከ20 ዓመት በላይ ድግስ ስሠራ ኖሬያለሁ፣ ለፋሲካ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ለምን መሰለሽ? የዶሮ ወጥ ድካም ያለው ዶሮው ላይ ሳይሆን ሽንኩርቱ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት መክተፍ የጀመረች ሴት ማታ 3 ሰዓት ላይም ምድጃ ፊት ናት። ወይ ደክሟት ከቅዳሴ ትቀራለች፣ ወይ ቁሌቱን ታቻኩለዋለች። የተቻኮለ ቁሌት ደግሞ አይደበቅም። ሽንኩርቱ ለብቻው ውሃው ለብቻው ሆኖ እንጀራው ላይ ይፈሳል፣ አፍ ላይ ጥሬ በርበሬ ጥሬ በርበሬ ይላል። ያንን የፈለግሽውን ያህል ቅቤ ብትጨምሪበት አይመለስም።

ሌላው ምክንያት ያንቺው ጥያቄ ነው። ጾመኛ ዶሮ ወጥ አይቀምስም። እናቶቻችን ጨው መጉደሉን ከእንፋሎቱ በአፍንጫቸው ያውቁ ነበር፣ እውነት ነው፣ ዓይኔ ያየው ነው። ግን የብዙ ፋሲካ ሙያ ስለሆነ በመጀመሪያ ድግስሽ በአፍንጫሽ ተማመኚ አልልሽም። ቁሌት በዘይት ከተሠራ ግን የጾም ምግብ ነው። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በቃ። እንደ ልብሽ ትቀምሺዋለሽ። ስለዚህ የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ሥሪው፤ ቅዳሜና እሁድ የሚጾመው ከጥሉላት እንጂ በሰዓት ስላልሆነ ጠዋትም ብትቀምሺ ችግር የለውም።

ቁሌት ያለ ቅቤ አይሆንም የሚሉሽ ይኖራሉ። አከብራቸዋለሁ፣ እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ግን ቅቤ ከሽንኩርቱ ጋር ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲንገላታ መዓዛው ይሄዳል። ግማሹ ከዶሮው ጋር፣ ግማሹ መጨረሻ ላይ ሲገባ ቤቱን ያውደዋል። ሁለቱንም ሞክሬ ነው የምነግርሽ።

ወደ መጠኑ እንሂድ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። ለ25 ሰው ሁለት ዶሮ በቁጥር ይደርሳል የሚመስለው አለ፣ ግን አንገትና ጀርባ ለእንግዳ አትሰጪም። ሦስት ግዢ። ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ፣ በጠቅላላው 6 ኪሎ፤ ለሙስሊም እንግዶችሽ የሚሆን አንድ ኪሎ ጨምሪበትና 7 ይሁን። ስለ እነሱ እመለስበታለሁ። በርበሬ ግማሽ ኪሎና ትንሽ፣ ዘይት ከግማሽ ሊትር በላይ፣ የተነጠረ ቅቤ ሦስት ሩብ ኪሎ፣ እንቁላል 30። ሽንኩርቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ገዝተሽ ንፋስ በሚያገኝ ቦታ በትነሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ፤ በበዓሉ ሳምንት ዋጋው ሲወጣ አንቺ ገበያ አትወጪም። ደረቅ፣ አንገቱ የጠበበና ያልበቀለ ምረጪ። እንቁላሉንም ሳምንት ቀደም ብለሽ ግዢው። ትናንት የተጣለ እንቁላል ሲቀቀል ልጣጩ ነጩን ይዞ ይነሳል፣ ሳምንት የቆየ ግን በደንብ ይላጣል።

ቁሌቱን እንዴት እንደምትሠሪው ረጋ ብዬ ልንገርሽ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ጋ ስለሆነ።

ሽንኩርቱን በቢላ አድቅቀሽ ክተፊው። መፍጫ ውስጥ ከተሽው ውሃ ይሆናል፣ ከዚያ መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል። ጊዜ ካጠረሽ መፍጫውን ጫን ለቀቅ እያደረግሽ አድቂው፣ የወጣውን ውሃ በወንፊት አጥልይ። 7 ኪሎውን አንድ ድስት ውስጥ አትክተቺ። ቂጡ ወፍራምና አፉ ሰፊ የሆነ ሁለት ድስት ያዢ፣ ሁለቱም እሳትሽ ላይ ጣጂ፣ ግማሽ ግማሹን። ዘይት አታድርጊ ገና። ሽንኩርት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው፣ መጀመሪያ ያ ውሃ መውጣት አለበት። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ድስቱ ይንሾካሾካል፣ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ሽንኩርቱ ነጣ ብሎ ውሃው ውስጥ ይዋኛል። አልፎ አልፎ ብቻ አማስዪው። ከዚያ ድምፁ ይቀየራል። መንሾካሾኩ ያቆምና ጠጠር ያለ ጭርጭርታ ይመጣል፤ ውሃው አለቀ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ማማሰያው ከእጅሽ አይውጣ። እሳቱን ቀንሺ። ታች ያዝ ሲያደርግ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጊና የያዘውን ፋቂው። የያዘው ቡናማ ከሆነ ጣዕም ነው፣ ከጠቆረ ግን ድስት ቀይሪ። አንዴ የጠቆረ ነገር ከተቀላቀለ ወጡን በሙሉ ያመረዋል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ምናልባትም ሁለት ሰዓት። ሞልቶ የነበረው ድስት ሩቡ ላይ ይወርድና ሽንኩርቱ ዘቢብ መልክ ይዞ በማማሰያው ስትጫኚው እንደ ገንፎ ይላል። ያን ጊዜ ዘይቱን ጨምሪ፣ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ በርበሬውን፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን። በርበሬው በዝግታ እሳት፣ ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት፣ ከ40 ደቂቃ ያላነሰ ይፈልጋል። የበሰለው ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ጥርት ያለ ቀይ ሆኖ ሲያበራ ነው። ስታሸቺውም አያስነጥስም።

አሁን ቅመሺ። ከነጠላ እንጀራ ቁራጭ ጋር እንጂ በማንኪያ አይሁን፣ ሰው የሚበላው በእንጀራ ነው። ጥሬ ጥሬ ካለሽ ገና ነው፣ ሃያ ደቂቃ ጨምሪለት። ጨው ደግሞ እዚሁ ይጀመራል። ለሦስት ዶሮ በጠቅላላው 3 የሾርባ ማንኪያ እኩል የሆነ ደቃቅ ጨው አስቢ፣ እንዳይበዛብሽ ከልኩ ዝቅ አድርጌ ነው። ግማሹ፣ ማለትም አንድ ተኩሉ፣ አሁን ቁሌቱ ውስጥ ይግባ። ቀምሰሽ «ይህ ለቁሌት ልክ ነው» እስክትዪ አስተካክዪው። የቀረውን አንድ ተኩል በትንሽ ብልቃጥ ለይተሽ ቅዳሜ ከዶሮው ጋር ጨምሪው። ቅዳሜ አትቀምሺም፣ ግን ግማሹን መንገድ ቀምሰሽ ጨርሰሻል፣ የቀረው ልኬት ነው። ቤት ውስጥ ያልጾመ ትንሽ ልጅ ካለ እሱም ቅዳሜ ማታ ይቅመስልሽ፤ ልጆች ጨው ሲጎድል ፊታቸው ይናገራል።

የሙስሊም ባልደረቦችሽን ድርሻ የምትለዪው አሁን ነው፣ ቅቤም ዶሮም ሳይነካው። አንድ ሰባተኛውን በጭልፋ አውጥተሽ ለብቻ አስቀምጪ። የክርስቲያን እርድ እንደማይበሉ ታውቂያለሽ፣ የመጡትም አንቺን ብለው ነው፣ ስለዚህ የእነሱ ወጥ ማካካሻ መምሰል የለበትም። እኔ ብሆን ዓሣ ነው የምሠራላቸው። ዓሣ የእርድ ነገር ስለሌለበት ሁሉም አንድ ላይ ይበላዋል። አጥንቱ የወጣ ቆሮሶ ገዝተሽ፣ ያን ቁሌት በሙቅ ውሃ አቅጥነሽ፣ እሁድ እንግዳ ሊገባ ሲል አሥር ደቂቃ ብታበስዪበት የሚያኮራ ወጥ ነው። ድስቱ፣ ቢላውና ጭልፋው ግን ለብቻ ይሁን፣ ሲመጡም ይህ ለብቻ የተሠራ ነው ብለሽ ንገሪያቸው፣ ተሳቀው እንዳይቀመጡ።

ቁሌቱን ስታስቀምጪ ተጠንቀቂ። ትኩሱን በጥልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቺ። በሰፊ ትሪ ወይም ጎድጓዳ ባልሆነ ሳህን ዘርጊው፣ ሲቀዘቅዝ ከአንድ ኪሎ ያልበለጠ በየዕቃው ከፋፍዪና ፍሪዘር አስገቢ። ከሆሣዕና ዋዜማ እስከ ፋሲካ ሳምንት ነው፣ ለፍሪጁ ይበዛበታል፣ ለፍሪዘሩ ግን ምንም አይደለም። መብራት ቢጠፋብሽ አትደንግጪ። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን። ክፍት ቦታውን በውሃ በተሞሉ የሃይላንድ ላስቲኮች ሙዪው። ሐሙስ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርጂው፣ ቅዳሜ ጠዋት ለቅቆ ታገኚዋለሽ።

ይህን የማጠብቀው ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለሰማንያ ሰው አንድ ሰታቴ ወጥ ማታ ጨርሼ፣ ክዳን ገጥሜ፣ ፎጣ ደርቤበት ተኛሁ። ሌሊቱ ብርድ ስለነበር ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው ብዬ ነው። ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ ዳር ዳሩ ነጭ አረፋ አውጥቷል፣ መሃሉ እጅ ሲገባበት ገና ለብ ያለ ነበር። ኮምጥጧል። ሙሉውን ደፋሁት፣ የባለቤቷን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የአዲስ አበባ ሌሊት ቢበርድም ትልቅ ድስት መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ያድራል፣ ተህዋስ የሚወደው ደግሞ ያንን ለብታ ነው።

ቅቤና በርበሬ የመጀመሪያ ሥራሽ ይሁኑ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት። ቅቤ ላይ ማጭበርበር ስለበዛ ሾላ ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ገዝተሽ ቤት አቅልጪው። ንጹሕ ከሆነ ጠርቶ ይቆማል፣ ታች ጥቂት አተላ ብቻ ነው የሚቀረው። ደስ ካለሽ ከዚያው ሰው ቀሪውን ግዢ። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶቢላ፣ እርድ፣ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርት አድርገሽ በዝግታ አንጥሪው፤ መንጣጣቱ ሲያቆም ውሃው አልቋል፣ አጥልለሽ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ክደኚው። ውሃ የቀረበት ቅቤ ነው የሚበላሸው።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ራስሽ አትጋግሪ። ይህን የምለው በፍቅር ነው። ምጣድሽ ብቻውን ወደ 3 ሺህ 500 ዋት ይስባል፣ ከምድጃው ጋር ሲበራ ቆጣሪው ይጥላል፣ በዚያ ላይ ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚጋግር መብራቱ ራሱ ይደክማል። ከምትገዢበት ጋጋሪ ከሁለት ሳምንት በፊት እዘዢ፣ ቀብድ ስጪ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀበይ። ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል አስልተሽ 65 ያህል። ድፎ ዳቦውንም የሠፈሩ ዳቦ ቤት ሊጥሽን የሚጋግርልሽ ከሆነ ወደዚያ ውሰጂው። ጠላም ግዢ፣ ካልሆነ ጌሾው ከአሥር ቀን በፊት መጠንሰስ አለበት፣ አንቺ ደግሞ ሥራ ትገቢያለሽ። አይቡን ቅዳሜ ግዢ። ሲሊንደር ካለሽ በሆሣዕና ሳምንት ሳይሆን ቀደም ብለሽ አስሞዪው፣ ከሌለሽ ከሰልና አንድ ምድጃ ከጎረቤት ያዢ። ያለ ተጠባባቂ እሳት የፋሲካ ዋዜማ አይገባም።

ሐሙስ ማታ ከጉልባኑ በኋላ ሰሐን፣ መሶብ፣ ብርጭቆ ቁጠሪ፣ የጎደለ ካለ ተዋሺ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ኩሽና አትግቢ። ሥላሴም ሆነ በደብርሽ ስገጂ፣ ምንም የሚቀርብሽ ሥራ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማሽን ተቀብለሽ ስትመለሺ ዶሮዎቹ ይታረዱ፣ ኮሚናሉ፣ የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ማረጃ፣ ሳይጨናነቅ ማልደሽ ብትሄጂ ጥሩ ነው። ካጸዳሽና ብልት ብልቱን ካወጣሽ በኋላ በሎሚና በጨው ዘፍዝፊው፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመሽ እጠቢው። ሳህን ውስጥ እጠቢ፣ ቧንቧ ሥር ውሃው እየተፈናጠቀ አይሁን፤ የጥሬ ዶሮ ውሃ ሰላጣና አይብ ያለበት ቦታ መድረስ የለበትም። በጨው ያደረ ወይም ብዙ የቆየ ዶሮ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆዪው፣ አለበለዚያ ልኬታችን ይፋለሳል።

ቁሌቱን ከሁለት ከፍለሽ ሁለቱ ድስት ላይ አሙቂ፣ ግማሹን ቅቤ ጨምሪ፣ ሲንተከተክ ዶሮውን ክተቺ። ውሃው ሙቅ ይሁን፣ በትንሽ በትንሹ። አሁን አንድ ነገር ልብ በዪ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ስልክሽ ላይ የምታዪው የውጭ ሰዓት አይሠራልሽም። ሐበሻ ዶሮ አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል፣ የፈረንጅ ዶሮ ግን 40 ደቂቃ ሳይሞላ ስለሚላላ ቀላቅለሽ አትግዢ። ቅልጥሙ ጫፍ ላይ ሥጋው ከአጥንቱ ሸሸት ሲል በስሏል። እንቁላሉም እንደዚያው፣ ከፈላ በኋላ 13 ወይም 14 ደቂቃ ስጪው። ከላጥሽ በኋላ በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አድርጊውና መጨረሻ ላይ ከቀሪው ቅቤና ከአንድ ሾርባ ማንኪያ መከለሻ ጋር አስገቢው።

ሥራውን ከሰዓት 10 ላይ ብትጀምሪ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ታጠናቅቂያለሽ። የሌሊቱን፣ ለቤተሰብሽ ለመግደፊያ የሚሆነውን፣ በትንሽ ድስት ለይተሽ አውጪ። የእንግዶቹን በሰፊ ዕቃ ከፋፍለሽ፣ ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ አቁመሽ፣ ለብታው ሲለቅ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድሽ በፊት ፍሪጅ አስገቢ። እሁድ 5 ሰዓት ላይ አውጥተሽ እስኪንተከተክ አሙቂው፣ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሃሉም። አንዴ ብቻ ይሙቅ፣ የተረፈውን መልሰሽ መላልሰሽ አታሙቂ።

ከቅዳሴ ሌሊት 9 ሰዓት ግድም ስትመለሺ 55 ቀን ያረፈ ሆድ ስለሆነ መጀመሪያ ተልባ ጠጪ። ከዚያ ያቺን ትንሽ ድስት ከፍተሽ የመጀመሪያውን ጉርሻ አንቺ ቅመሺ፣ አሁን ተፈቅዶልሻል። ጨው ጎድሎ ከሆነ ለእንግዶቹ ምሳ ገና አሥር ሰዓት አለሽ። ደረቁን ጨው ወጡ ላይ አትበትኚው፣ አንድ ቦታ ይቀራል። በጥቂት ፈላ ባለ ውሃ አሟሚው፣ እሁድ ስታሞቂ በየድስቱ ዙሪያ ጠብ ጠብ አድርጊና ከታች ወደ ላይ አንዴ ገልብጪው፣ ብልቱ እንዳይሰበር በቀስታ።

እንኳን አብሮ አደረሰን።